ኦፌዴን ከኦብኮ በምን ይለይ ነበር?

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ጅማ ነበርኩ። ቡና ያበበበት ሰሞን ነው። ጊንጆ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ አንድ ጎረቤታችን ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአጋሮ፣ ከየቡና ከሊሙ ቡና ሲያስመጡ የኖሩ ሐጂ ናቸው። ‹‹አንተ የሕግ ሰው ነህ›› አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ‹‹ኦብኮ የኦሮሞ ነው፤ ፌዴራል ይላል። አሁን ደግሞ ኦፌዴን የሚባል መጣ። እሱም የኦሮሞ ነው፤ እሱም ፌዴራል ይላል። ምንድነው ልዩነታቸው?››

እኔም ራሴን እንደ አዋቂ ቆጥሬ ስለ ፕሮግራም፣ ስለ ራስን በራስ ማስተዳደር፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ሐጂ በትዕግሥት አዳመጡኝና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ‹‹ልጄ፣ አልነገርከኝም። የታጠበ ቡናና ያልታጠበ ቡና አንድ ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው። ልዩነቱ የሚመጣው ከለቀማ በኋላ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ዛፉ አይደለም።››

እውነታቸውን ነበር። በዚያች አገር ፖለቲካ ውስጥ አንድ አዲስ ትንሽ ፓርቲ ከነባሩ የሚለይበትን ነገር የፈለግኩት ልዩነቱ በሌለበት ቦታ ነበር። ጥያቄያቸው ከዚያ በኋላ በየምርጫው ስሙን እየቀየረ ስለመጣ፣ ዘግይቼም ቢሆን መልሱን እዚህ ላስቀምጠው።

ከዛፉ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኦብኮ) እና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) ሁለቱም የኦሮሞ ሕዝብ ጥያቄ በኢትዮጵያ ውስጥ፣ በሰላማዊ መንገድ፣ በእውነተኛ ፌዴራላዊ ሥርዓት ይመለሳል ባዮች ነበሩ። በዚህ አቋማቸው ሁለቱም በ1984 ዓ.ም. ከሽግግሩ መንግሥት ወጥቶ ወደ ትጥቅ ትግል ከገባው ከኦነግ ይለያሉ። ክልሎችን በብሔር ማዋቀሩን ይተች ከነበረው ከቅንጅትም እንዲሁ። ገዢው ኦሕዴድ ‹‹ፌዴራሊዝሙ በሥራ ላይ ነው›› ሲል፣ እነሱ ‹‹በወረቀት ላይ ነው›› ይላሉ። ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ አላት ስለሚባለው ልዩ ጥቅም የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49(5) እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰና ስንት ጊዜ ተግባር ላይ እንደዋለ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ አቋም እንዲያው ከሜዳ የመጣ አለመሆኑ ይገባዋል። ሁለቱን ፕሮግራሞች ስማቸውን ሸፍኖ ለሰው ቢያነቡለት ግን የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ልዩነቱ ታዲያ የት ነበር? መጀመሪያ በሰዎቹ ላይ። ኦብኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲመሠረት ዋና መሪው ዶ/ር መረራ ጉዲና ነበሩ። በተማሪው እንቅስቃሴ ውስጥ ያለፉ፣ በመኢሶን በኩል ወደ ፖለቲካ የገቡ፣ በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ኦፌዴን ከ1997 ምርጫ ጥቂት ቀደም ብሎ ብቅ ሲል ከፊቱ የነበሩት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር፣ ከዚያም በዓለም ባንክ፣ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዋሽ ባንክ መሥራች። እንግዲህ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ፓርቲ የሚመሩት በዕድሜ አንጋፋው ናቸው፤ ነባሩን ፓርቲ የሚመሩት ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የሚያንሷቸው ሰው። ‹‹አዲስ ፓርቲ የወጣቶች ነው›› የሚለው አነጋገራችን እዚህ አይሠራም።

ይህ የሰው ልዩነት በንግግራቸው ውስጥ ይሰማል። ዶ/ር መረራ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥልጣን አያያዝና ስለ ትውልዳቸው ስህተት ይናገራሉ። ቀልዳቸውም ሳይቀር የመምህር ቀልድ ነው። አቶ ቡልቻ ስለ ብድር፣ ስለ ግል ባለሀብት፣ ስለ በጀት ሲናገሩ የባንክ ሰው መሆናቸው አይደበቅም። በምክር ቤት ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ያደርጉት የነበረውን ምልልስ በቴሌቪዥን የተከታተለ አይረሳውም። ለሐጂ ዓይነቱ የቡና ነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ባንክ ብድር የሚያውቅ ተወካይና ስለ መንግሥት አመሠራረት የሚያውቅ ተወካይ፣ በአንድ ፕሮግራም ሥር ቢቀመጡም፣ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ አይደለም።

ሁለተኛውና ዋናው ልዩነት ግን ከማን ጋር ተቀመጡ የሚለው ነው። ኦብኮ በ1995 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት አባል ነበር። በዚያ ጥላ ሥር የዶ/ር በየነ ጴጥሮስ የደቡብ ድርጅቶች ነበሩ፤ በውጭ አገር የሚኖሩት መኢሶንና ኢሕአፓም ነበሩ። ኦፌዴን ብቻውን ገባ።

የሕግ ቋንቋችን እዚህ ላይ ሦስት ቃል አለው፤ ሰው ሁሉ ግን እያደባለቀ ይጠቀምባቸዋል። ‹‹ውህደት›› ሲባል ፓርቲዎቹ የየራሳቸውን ሕጋዊ ሰውነት አጥተው አንድ አዲስ ፓርቲ ይሆናሉ። ‹‹ግንባር›› ሲባል ጥላው የራሱ ሰውነት ይኖረዋል፤ አባል ድርጅቶቹም ህልውናቸውን ይዘው ይቆያሉ። ‹‹ቅንጅት›› ደግሞ ለምርጫ የሚደረግ ጊዜያዊ ትብብር ነው። (በ1997 ‹‹ቅንጅት›› የአንድ የተወሰነ ድርጅት ስም ሆኖ ስለቀረ፣ ቃሉን በሕጋዊ ትርጉሙ መጠቀም እስከ ዛሬ ያስቸግራል።) መራጩ ለግንባር አባል ድምፅ ሲሰጥ ለአንድ ፓርቲ ብቻ መስጠቱ አይደለም። አብረውት ለተቀመጡትም እየሰጠ ነው። ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ አዲስ አበባ አቋም የሚወሰነው በዚያ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም ያሰበውን ሁሉ ይዞ አይነሳም። ብቻውን የቆመ ፓርቲ በተቃራኒው ቃሉ ንጹህ ነው፤ ማንንም ለማስደሰት አንቀጽ አያለዝብም። ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። ኦብኮና ኦፌዴን የተለያዩት በዚህ ነው፤ አንዱ የሌሎችን ሸክም አብሮ መሸከምን መረጠ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ራሱን መምሰልን።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተሰጠው ድምፅ ተቆጥሮ፣ ውዝግቡም አልፎ የወጣው ቁጥር ይህ ነው። ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11። ከኅብረት 52 መቀመጫ ትልቁን ድርሻ ያመጣው ኦብኮ ነበር። ለአንድ አዲስ ፓርቲ 11 መቀመጫ በአገራችን ታሪክ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የምርጫ ሥርዓታችንን ሳያነሱ ስለ ትንሽ ፓርቲ ማውራት አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ግማሹን ማለፍ የለበትም፤ ከሚቀጥለው በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። በአንድ ወረዳ ገዢው ፓርቲ አርባ ከመቶ አገኘ እንበል። ተመሳሳይ ፕሮግራም ያላቸው ሁለት ተቃዋሚዎች ሠላሳ ሠላሳ ከተካፈሉ፣ ስልሳ ከመቶው ሕዝብ የተቃወመው ዕጩ ምክር ቤት ይገባል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቬርዤ ከሰባ ዓመት በፊት እንዲህ ያለው ሥርዓት ትናንሽ ፓርቲዎችን እየገፋ ሁለት ትልልቆችን ብቻ እንደሚያስቀር ጽፏል።

እንግሊዞች በዚህ ተቃጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከሌበር ፓርቲ የወጡ ሰዎች ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረቱ፤ ከነባሩ ሊበራል ፓርቲ ጋርም ለምርጫ ተባበሩ። በ1983 ምርጫ ትብብሩ 25.4 ከመቶ ድምፅ አገኘ። ሌበር 27.6 ከመቶ። የሁለቱ ልዩነት ከሁለት ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሌበር 209 መቀመጫ ሲወስድ ትብብሩ ያገኘው 23 ነው። ሌበር በተወሰኑ የሠራተኛ ከተሞች ስለተከማቸ በዚያ ያሸንፋል፤ ትብብሩ በየቦታው ስለተበተነ በየቦታው ሁለተኛ ይወጣል። ሐጂ ያኔ ‹‹ድምፄን ለማን ልስጥ?›› ቢሉኝ ኖሮ፣ ፕሮግራም ከማንበብ ይልቅ ይህን ሒሳብ ባሳያቸው ይሻል ነበር።

ከምርጫው በኋላ የመጣው ፈተና ምክር ቤት እንግባ አንግባ የሚል ነበር። አብዛኛው የቅንጅት አመራር አልገባም አለ፤ ወደ እስር ቤትም ገባ። አገር ውስጥ ያለው የኅብረት ወገን፣ ኦብኮን ጨምሮ፣ ውጭ ካሉት አጋሮቹ ጋር ተጋጭቶም ቢሆን ገባ። ኦፌዴንም ገባ። ይህን ውሳኔ ዛሬም ድረስ ‹‹ክህደት›› የሚሉት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ አንቀጽ 54(4) ይናገራል። የሻሸመኔም ይሁን የደምቢ ዶሎ መራጭ ወንበር ለመስጠት ተሰልፎ ሲያበቃ ወንበሩ ባዶ እንዲሆን መወሰን ቀላል ነገር አይደለም። ለጽሑፌ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፤ ነባሩና አዲሱ በትልቁ ፈተና ላይ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ‹‹አዲሱ የበለጠ ደፋር ነው›› ወይም ‹‹ነባሩ የበለጠ ታጋሽ ነው›› ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተሳሳተ።

ልዩነታቸው በደንብ የታየኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ማኅተም በሚባል ነገር።

ከዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዕድር ለሁለት ተከፈለ። የጠቡ መነሻ ምን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም። የምናስታውሰው ድንኳኑን ነው። አብዛኛው አባል ወደ አንደኛው ወገን ሄደ፤ ድንኳኑ፣ ድስቶቹና የአባላት መዝገቡ ግን ቁልፍ ከያዘው ከሌላኛው ወገን ጋር ቀሩ። በዚያ ክረምት ሰው ሲሞት የብዙኃኑ ዕድር በተከራየ ድንኳን አስለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ‹‹ዕድሩ ማነው?›› ብለው ሲከራከሩ ግማሹ ‹‹ሰዉ ነው››፣ ግማሹ ‹‹መዝገቡ ነው›› አለ።

ኦብኮ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከምርጫው በኋላ ድርጅቱ ተከፈለ፤ ምርጫ ቦርድም በአቶ ቶሎሳ ተስፋዬ ለሚመራው ወገን ዕውቅና ሰጠ። ኦብኮ የሚለው ስም ከዚያ ወገን ጋር ቀረ። ሰው ኦብኮን የሚያውቀው በዶ/ር መረራ ነበር፤ ዶ/ር መረራ ግን የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ (ኦሕኮ) የሚል አዲስ ስም ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ነባሩ ፓርቲ በአንድ ሌሊት በሕግ ዓይን አዲስ ሆነ። አዲሱ ኦፌዴን ደግሞ ስሙንም ማኅተሙንም እንደያዘ ስለነበር ከነባሩ የበለጠ ነባር ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህ የኦሮሚያ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ቅንጅት የሚለው ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ወገን ሲሰጥ፣ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳና ጓደኞቻቸው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትህ በሚል ስም እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረባቸው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድነት ራሱ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰበት። (ስማቸውን የተነጠቁት ወ/ሪት ብርቱካን ኅዳር 2011 ዓ.ም. የዚያው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አገራችን እንዲህ ያለውን ነገር ከልብ ወለድ ጸሐፊዎች ቀድማ ታዘጋጃለች።)

እንደ ሕግ ሰው ቦርዱ አንድን ስም ለሁለት ወገን መስጠት እንደማይችል አውቃለሁ። ሁለት ፓርቲ በተመሳሳይ ስምና ምልክት ቢቀርብ መራጩ ይታለላል። ጉዳዩ ለማን ይሰጥ የሚለው የሚወሰነው በምን መለኪያ ነው የሚለው ነው። ጉባኤውን ማን ጠራ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ ወይ፣ ቃለ ጉባኤው በወቅቱ ገባ ወይ። እነዚህ ደረቅ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ኦብኮን ብለው የመረጡ ሰዎች ድምፅ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፓርቲ ተመሠረተ ሲሉኝ ከፕሮግራሙ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን እጠይቃለሁ፤ ሊቀ መንበሩን ማን ያነሳዋል፣ ጉባኤ በስንት ጊዜ ይጠራል፣ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ማን ይዳኛቸዋል። ብዙ ጊዜ ደንቡ ከሌላ ፓርቲ የተገለበጠ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴ የሌላው ፓርቲ ስም እንኳን ሳይሰረዝ።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ መጣ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ የቀበሌና የወረዳ መቀመጫ የሚሞላበት ነበር። ስኳርና ዘይት የሚታደለው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ የቦታ ክርክር መጀመሪያ የሚሰማው ቀበሌ ስለሆነ፣ ለጊንጆ ሰው ከፓርላማው ይልቅ የሚቀርበው ይህ ምርጫ ነው። ዶ/ር መረራ ያሉበት ኅብረትም ኦፌዴንም ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተደረገ ብለው ከምርጫው ወጡ። በላይ አሥራ አንድ ወይም ሃምሳ ሁለት ወንበር ያለው ፓርቲ በታች አንድም የቀበሌ ወንበር ሳይኖረው ቀረ። ትንሹም ትልቁም ተቃዋሚ እዚህ ላይ እኩል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መድረክ ውስጥ ገቡ፤ በግንቦት 2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ሲወስዱ መድረክ በአጠቃላይ ያገኘው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሕኮና ኦፌዴን ተዋሃዱ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ ኦፌኮ። ‹‹ፌዴራሊስት›› ከአንዱ፣ ‹‹ኮንግረስ›› ከሌላው። እንግሊዞቹም ሊበራልና ሶሻል ዴሞክራት በ1988 ሲዋሃዱ በመጨረሻ የጸናው ስም ‹‹ሊበራል ዴሞክራት›› ነበር። ከለቀማ በኋላ የተለያየ ቡና እንደገና አንድ ጆንያ ውስጥ ገባ። የሁለቱ ውህደት ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ማለፉ፣ ቀድሞም በፕሮግራም እንዳልተለያዩ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ዛሬ እንደ ኦፌዴን ያለ አዲስ ፓርቲ ልመሥርት የሚል ሰው የሚጠብቀው ደጅ ያኔ ከነበረው ይከብዳል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 573 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1,500፣ ለክልላዊ 750 መሥራች አባላት ይጠይቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ይህን ወደ 10,000 እና 4,000 ከፍ አደረገው። ክርክሩን አውቀዋለሁ፤ በቦርሳ የሚዞሩ ፓርቲዎች በዝተው ነበር። ነገር ግን አራት ሺህ ሰው በስሙ፣ በአድራሻውና በፊርማው ተቃዋሚ ነኝ ብሎ እንዲመዘገብ ማድረግ፣ ቀበሌው ማን እንደፈረመ በሚያውቅበት ከተማ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ እንደሚታሰበው አይደለም።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ጅማ እንደገና በፓርቲ ጉዳይ ተጨናነቀች። ከመጋቢት 1982 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ኦሕዴድ ጉባኤውን በከተማችን አድርጎ ስሙን የኦሮሞ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ (ኦዴፓ) አለው፤ ዓርማውንም ለወጠ። ሐጂ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ጋዜጣ ማንበብ ትተው ነበር። ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ይኸስ አዲስ ነው ወይስ ያው ነው?›› አሉኝ። ስም መቀየር ሕጋዊ ሰውነትን እንደማይለውጥ፣ ንብረቱም ዕዳውም እንደሚቀጥል ነገርኳቸው። በኅዳር 2012 ኦዴፓ ከሌሎች የኢሕአዴግ አባልና አጋር ድርጅቶች ጋር ከስሞ ብልጽግና ሲመሠረት፣ ሕወሓትም አልዋሃድም ብሎ ሲቀር፣ ደግመው ጠየቁኝ። ይኸኛው ግን ውህደት ስለሆነ በሕግ አዲስ ፓርቲ ነው አልኳቸው።

‹‹አባላቱስ?›› አሉ።

‹‹እነዚያው ናቸው›› አልኳቸው። ሬዲዮናቸውን መልሰው ከፍ አደረጉት።